አፍ ለሌለው ፍጡር አቤት ለማለት

በገበያ ቀን ጠዋት ከፋርጣ ገጠር ወደ ደብረ ታቦር የሚገቡትን አህዮች ጀርባ ልብ ብሎ ያየ ሰው ገጣባ ማየት አይቸግረውም። ገመድ የበላው ቆዳ፣ ዝንብ የወረረው ቁስል፣ በቁስሉ ላይ ደግሞ ሌላ ጭነት። ብዙዎቻችን ከንፈራችንን መጥጠን እናልፋለን። ይህ ጽሑፍ ከንፈር መጥጠው ማለፍ ላልቻሉ ሰዎች ነው። ያዩትን ለማን እንደሚናገሩ፣ እንዴት እንደሚጽፉ፣ መልስ ሲዘገይም ወዴት እንደሚሄዱ በቅደም ተከተል ያሳያል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ለባለሥልጣን «ጭካኔ በዛ» ቢሉት «ልክ ነዎት» ብሎ ይሸኝዎታል። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ እንስሳ ላይ ይህ ጉዳት ደርሷል፤ እርስዎ ደግሞ ይህን ያድርጉልኝ» ሲሉት ግን ወይ መነሳት፣ ወይ ለምን እንዳልተነሳ መናገር አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚህ ዓረፍተ ነገር ለመድረስ ነው።

«በእኛ ሀገር ለእንስሳ ተብሎ የሚነሳ ሹም የለም» የሚሉ አሉ። የቢሾፍቱን ነገር ያስታውሱ። በ2009 ዓ.ም. አህያ እያረደ ሥጋና ቆዳ ወደ ውጭ ለመላክ በቻይና ኩባንያ የተከፈተውን ቄራ ብዙም ሳይቆይ ነዋሪው ተቃወመው፤ የከተማው አስተዳደርም ዘጋው። ነዋሪው አቤት ያለው ለሚያውቀውና በቅርብ ለሚያገኘው አስተዳደር ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ወሰኑ።

ያዩት ምን ዓይነት በደል ነው?

እርምጃው የሚለያየው በደሉ ሲለያይ ነውና መጀመሪያ ይህን ይለዩ። የተገጠበች አህያ የሚጭን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጨካኝ አይደለም፤ ሌላ አህያ የለውም። የሀገራችን አህያ ክብደቷ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 130 ኪሎ ነው። ስለዚህ አንድ ኩንታል ስንጭንባት የራሷን ክብደት ያህል አሸከምናት ማለት ነው። ይህን ለባለቤቱ የነገረው ሰው የለም፤ አባቱም እንዲህ ሲጭኑ አይቷል። የታመመ በሬን ወይም በቅሎን በጋለ ብረት የሚተኩሰውም ሊያድነው ብሎ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው የእንስሳት ሐኪምና የጎረቤት ምክር ነው፤ ፖሊስ የሚጠራው ምክሩ ተነግሮ፣ ሕክምናው ተሰጥቶ፣ አሁንም በቁስል ላይ መጫኑ ሲቀጥል ነው።

ሆን ተብሎ የሚደረገው ሌላ ነው። ውሻ በመርዝ መግደል፣ እንስሳን ለቁጣ ማብረጃ መደብደብ፣ ማሳ ገብቶ እህል በላ ተብሎ የጎረቤትን በሬ በገጀራ መምታት፣ ያረጀን ፈረስ እግሩን አስሮ ለጅብ መተው። በዚህ ጊዜ ሽምግልና ይቆይ፤ ማስረጃው ሳይጠፋ ወደ ፖሊስ ይሂዱ። የማሳውን ነገር በተለይ አቅልለው እንዳያዩት። በሬ የቆረጠ ገጀራ በማግስቱ ሰው ላይ ሲነሳ በእኛ አካባቢ የማያውቅ የለም። የተጎዳው እንስሳ ባለቤት በእልህ ከመነሳቱ በፊት ጉዳዩ ጣቢያ መዝገብ ላይ ቢሰፍር ሁለት ቤተሰብ ይተርፋል።

ከባለቤቱ ጋር መነጋገር

አደጋ ከሌለው መጀመሪያ ባለቤቱን ያነጋግሩ። ሰው ተሰብስቦ ሳለ አይጀምሩ፤ በሰው ፊት የተዋረደ ሰው እልሁን የሚወጣው በእንስሳው ላይ ነው። ጠጋ ብለው «አያ፣ እንዴት አደሩ? ይህች አህያ ጀርባዋ ተገጥቧል። ክሊኒክ ብንወስዳት ምን ይመስልዎታል? እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ» ይበሉ። አብሬ እሄዳለሁ ማለት ከምክሩ ይበልጣል። ለቁስሉ ዕረፍት፣ ከጭነቱ ሥር ለስላሳና ደረቅ ንጣፍ፣ ገመዱ ቆዳውን እንዳይነካ ማድረግ፣ ጭነቱን ለሁለት አህያ መክፈል፤ እነዚህ ገንዘብ የማይጠይቁ ወይም ጥቂት የሚጠይቁ ነገሮች ናቸው።

ሁለት ነገር ግን በፍጹም አያድርጉ። እንስሳውን ፈትተው ይዘው አይሂዱ፤ አዛኝ ሆነው ሄደው በስርቆት ተከሰው ይመለሳሉ። ሰውየውንም አይስደቡ፤ አይምቱ። ከዚያ በኋላ የሚመዘገበው የእርስዎ ጥፋት ነው።

ማስረጃ በዕለቱ

ቁስል ይደርቃል፣ ሬሳ ይቀበራል፣ ከብት የጫነ አይሱዙ ከተማውን ያልፋል። ስለዚህ ያዩትን በዚያው ዕለት ይመዝግቡ። ወረቀት ከሌለ ስልክዎ ላይ ይጻፉ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የእንስሳውን ዓይነት፣ ቀለምና ጾታ፣ ጉዳቱ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ፣ አብሮዎት ማን እንደነበረ። ቦታውን ሲጽፉ «ዋንዛዬ አካባቢ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ማንም ባለሙያ ሳይጠይቅ እንዲደርስበት አድርገው ይጻፉ። ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ይጻፉ። «ሰውየው ሁልጊዜ ይደበድባታል» የሚለው የሰሙት ከሆነ «ጎረቤቶቹ እንደነገሩኝ» ይበሉ። አንድ የተጋነነ ነገር ሲገኝ እውነተኛው ሁሉ አብሮ ይጣላል።

ፎቶግራፍ ሲያነሱ አንዱን ከሩቅ ያንሱ፤ እንስሳውና አካባቢው አንድ ላይ ይታዩ። ሌላውን ከቅርብ፣ ቁስሉን ብቻ። ጥቂት ቀን ቆይተው ያንኑ እንስሳ እንደገና ማንሳት ከቻሉ ይህ ከሁሉም የጠነከረ ማስረጃ ነው፤ ጉዳቱ የአንድ ቀን አጋጣሚ እንዳልሆነ ያሳያል። ተሽከርካሪ ከሆነ ሰሌዳውን ሙሉውን ይያዙ፤ ኮድ 3 አማ ብሎ ቁጥሩን መተው አይረባም። በክልላችን ግጭት ስላለ ኬላና የታጠቀ ሰው ባለበት ቦታ ስልክ አያውጡ፤ ያዩትን በጽሑፍ መያዝ ይበቃል።

ፎቶግራፉን መጀመሪያ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ አይልቀቁት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምስሉ ከተሰራጨ በኋላ ባለቤቱ እንስሳውን ይደብቃል፣ ምስክር የሚሆነው ጎረቤት ይፈራል፣ ጽሕፈት ቤቱም ስሙን ለመከላከል ይቆማል። አደባባይ መውጣት የመጨረሻው በር ነው፤ የፊተኞቹን ሳያንኳኩ አይሂዱበት።

የእንስሳት ሐኪሙ ወረቀት

እርስዎ «ቆስላለች» ሲሉ አስተያየት ነው፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲጽፈው ማስረጃ ነው። ስለዚህ ከማመልከቻው በፊት ወይም ከማመልከቻው ጋር በአቅራቢያዎ ያለውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወይም ኬላ ያግኙ። ባለሙያው እንዲያይልዎት ይጠይቁና ሦስት ነገር እንዲጽፍ ይለምኑ፦ ጉዳቱ ምንድን ነው፤ በምን ሊመጣ ይችላል፤ ምን ያህል ቀን ዕረፍትና ምን ሕክምና ያስፈልጋል። ሦስተኛው ነጥብ ትልቁ ነው። «እስኪድን ድረስ ጭነት ይቁም» የሚል የባለሙያ ቃል ካለ ከዚያ በኋላ መጫን አለማወቅ መሆኑ ይቀራል።

ባለሙያው መምጣት ካልቻለ፣ ወረዳዎቻችን ሰፊ፣ ባለሙያዎቹም ጥቂት ናቸውና ይህ ይሆናል፣ ባለቤቱን አግባብተው እንስሳውን ክሊኒክ ያድርሱ። የሞተ እንስሳ ከሆነ ሳይቀበር ይንገሩ። መርዝ የተጠረጠረበትን ሬሳ ወይም ሥጋ በባዶ እጅ አይንኩ፤ ልጆችንና ሌሎች ውሾችን ያርቁ። በመርዝ የሞተን ውሻ የበላ ጅብም ሆነ አሞራ አብሮ ሊሞት ይችላል።

የትኛው በር ነው?

አብዛኛው አቤቱታ የሚሞተው ወደማይመለከተው ቢሮ ሄዶ ነው። ለቆሰሉና ለተራቡ የቤት እንስሳት የመጀመሪያው በር የወረዳው የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከተማ ውስጥ ከሆነ የከተማው ግብርና። በጋሪ የሚሠራ ፈረስ ወይም በቅሎ ከሆነ ከዚህ ጋር ትራፊክ ፖሊስንም ያስቡ፤ የሚያነክስ ፈረስ የሚጎትተው ጋሪ መንገድ ላይ ለሰውም አደጋ ነው፤ ትራፊኩም የሚያውቀው ቋንቋ ይህ ነው።

ከብት ጭኖ ከጋይንት በኩል በደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ አይሱዙ ላይ የወደቀና የሚረገጥ በሬ ካዩ ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ የለዎትም። ሰሌዳውንና የሚሄድበትን አቅጣጫ ይዘው በስልክ ለሚቀጥለው ከተማ ትራፊክ ፖሊስ ያሳውቁ። «የወደቀ ከብት ስላለ ቆሞ ይነሳለት» ይበሉ። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ጥያቄ መንገድ ላይ የቆመ ሰው በዚያው ደቂቃ ሊያደርገው ይችላል።

የታመመ መንጋ ያለ ሕክምና ተትቶ ከሆነ «ጭካኔ» ከሚለው ይልቅ «በሽታ» ብለው ይጀምሩ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት በሽታዎች መከላከልና መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 267 በሽታን የመቆጣጠር ሥልጣንና ግዴታ ለእንስሳት ጤና አገልግሎቱ ሰጥቷል። ጎረቤት መንጋዎች ላይ የሚተላለፍ በሽታ ተብሎ የቀረበ ጥቆማ ባለሙያ በቶሎ ያስነሳል፤ የታመሙትም ይታከማሉ።

ሆን ተብሎ የተጎዳ እንስሳ የፖሊስ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ወንጀሉ ሲፈጸም ባያይም እንኳ፣ ወንጀል መፈጸሙን የማመልከት መብት አለው ይላል። ስለዚህ «አንተ ባለቤቱ ነህ ወይ?» ተብለው ቢመለሱ ይህን አንቀጽ በትሕትና ያስታውሱ። ቃልዎን ሲሰጡ በጽሑፍ ይሰፍራል፤ ተነብቦልዎት ካመኑበት በኋላ ይፈርሙ። ስም የሌለው ጥቆማ በቀላሉ ስለሚወድቅ የሚፈሩ ከሆነ ስምዎ ለተጠርጣሪው እንዳይነገር ለመርማሪው ይንገሩት እንጂ ስምዎን አይደብቁ። የትኛው አንቀጽ ይጠቀሳል የሚለው የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው፤ የሌላ ሰው እንስሳ ከሆነ ግን ጉዳዩ የንብረት ጉዳትም መሆኑን፣ መርዝ ከሆነም ለሰውና ለውኃ አደጋ መሆኑን ሳይናገሩ አይውጡ።

የዱር እንስሳ ከሆነ፣ በአለም ሳጋ ደን ወጥመድ የያዘው ወይም በጉና ተራራ የተሳደደ፣ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለ፤ የወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤትና ፖሊስ ይመለከታቸዋል።

ውሻ የሚያስገድለው ራሱ አስተዳደሩ ሲሆንስ? ይህ ከባዱ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እውነተኛ አደጋ ስለሆነ ፍርሃቱን ማጣጣል አይገባም፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ነገር ግን በሽታውን የሚያቆመው ክትባት ነው፤ መርዝ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች ቢያንስ 70 ከመቶው ሲከተቡ የበሽታው መተላለፍ ይቋረጣል ነው። ስለዚህ ለከንቲባው ሲጽፉ «ግድያው ይቁም» ብለው ብቻ አያብቁ። የክትባት ቀን እንዲወጣ፣ ቀበሌዎች የውሻ ባለቤቶችን እንዲመዘግቡ፣ የቄራ ተረፈ ምርትና ቆሻሻ እንዲቀበር ይጠይቁ። ውሻ የሚሰበሰበው ሥጋ የሚጣልበት ቦታ ነው።

ማመልከቻው

አንድ ገጽ ይበቃል። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ለደራ ወረዳ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት፣ አንበሳሜ። ጉዳዩ፦ የቆሰሉ የጭነት አህዮች እንዲታከሙና ጭነት እንዲቆምላቸው ስለመጠየቅ። ኅዳር 14 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ወደ ዋንዛዬ ፍልውሃ በሚወስደው መንገድ፣ ከትልቁ ሾላ አጠገብ፣ ሁለት አህዮች ጀርባቸው ላይ ክፍት ቁስል እያለ ጆንያ ተጭኖባቸው አይቻለሁ። የአንደኛዋ ቁስል መዳፍ ያህላል፤ መሽተት ጀምሯል። ባለቤቱን አነጋግሬ ሌላ አህያ እንደሌላቸው ነግረውኛል። ኅዳር 17 ቀን እንደገና ሳይ ጭነቱ አልተቀነሰም። የሁለቱን ቀን ፎቶግራፍና የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሰጠውን ማስረጃ አያይዣለሁ። ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ልኮ እንዲያያቸው፣ እስኪድኑ ድረስ እንዳይጫኑ ለባለቤቱ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ፣ የተደረገውንም በ10 ቀን ውስጥ እንዲገልጽልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ግልባጭ፦ ለቀበሌው አስተዳደር፤ ለወረዳው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት።»

እዚህ ውስጥ «ጭካኔ» የሚል ቃል እንደሌለ ልብ ይበሉ። የአንባቢውን ልብ የሚነካው የመዳፍ ያህል ቁስሉ ነው፤ እግሩን የሚያነሳው ደግሞ ሦስቱ ጥያቄና 10 ቀኑ። ግልባጩም ለይስሙላ አይደለም፤ ሌላ ቢሮ የሚያውቀው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ በቀላሉ አይቀርም።

ደብዳቤውን ለኃላፊው በእጅ ሰጥተው አይመለሱ። መዝገብ ቤት ያስገቡት፤ የገቢ ቁጥርና ቀን በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ያጽፉ። ይህች ቁጥር ከሌለች ከወር በኋላ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» ቢባሉ የሚመልሱት የለዎትም። ፖሊስ ጣቢያም ከሆነ የመዝገቡን ቁጥርና የመርማሪውን ስም ይጠይቁ።

«ነገ ይመለሱ» ሲባሉ

መጀመሪያ ነገ ይመለሱ። በእውነት ባለሙያ መስክ ወጥቶ፣ ነዳጅ ጠፍቶ፣ ስብሰባ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ «መቼ?» ብለው ቀን ያስቆርጡና ማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ፤ ማን እንደነገረዎትም ጭምር። የተባለው ቀን ሲያልፍ ሁለተኛ አጭር ደብዳቤ፣ የመጀመሪያውን የገቢ ቁጥር ጠቅሰው። ከዚያ በኋላ ወደ ወረዳው አስተዳዳሪና ወደ ሕዝብ ቅሬታ ሰሚ፤ ከዚያም ወደ ዞን። የደቡብ ጎንደር ዞን መሥሪያ ቤቶች ደብረ ታቦር ስለሆኑ ለብዙዎቻችን ከገበያ መልስ የሚደረስባቸው ናቸው። ሁሉም ዝም ካሉ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ተቋሙ የሚያየው የአስተዳደር በደልን ነውና እዚያ ሲደርሱ ጉዳይዎ ተቀይሯል፦ «አህያዋ ቆስላለች» ሳይሆን «በዚህ ቀን አመልክቼ መልስ ተነፈግሁ» ነው የሚሉት። በየደረጃው የሰበሰቧቸው ቁጥሮችና ቀኖች የሚጠቅሙት ያን ጊዜ ነው።

ብቻዎን አይሂዱ። ሦስት ሰው የፈረመበት ደብዳቤ ከአንድ ሰው ሠላሳ ደብዳቤ ይበልጣል፤ በተለይ ከፈራሚዎቹ አንዱ የቀበሌው ሽማግሌ ወይም የደብሩ ካህን ሲሆን።

ሽማግሌና የነፍስ አባት

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ብዙ የገጠር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት እንደ ድሮው አይሠራም፤ መንገድም ይዘጋል። ለእንስሳ ብለው ሕይወትዎን አደጋ ላይ አይጣሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚቀሩት ሽማግሌው፣ እድሩ፣ ሰንበቴውና የነፍስ አባት ናቸው፤ ደግሞም ኃይላቸው ትንሽ አይደለም። ብሉይ ኪዳን ሰንበት ለበሬና ለአህያም ዕረፍት እንድትሆን ያዛል፤ የሚጠላህ ሰው አህያ ከሸክሟ በታች ወድቃ ብታይ አግዘህ አንሳት ይላል። ይህን ለካህኑ መንገር አያስፈልግም፤ በሰንበት ጉባኤ ላይ እንዲያስተምሩበት መለመን ግን ይቻላል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለተጠማ ውሻ ውኃ የሰጠ ሰው ምሕረት ማግኘቱን ከመስጊድ ሲሰሙ ያደጉ ናቸው።

የሽማግሌ ስምምነት ግን በቃል ብቻ አይቅር። ይጻፍ፦ እንስሳዋ እስከ መቼ እንደማትጫን፣ ማን ክሊኒክ እንደሚወስዳት፣ የመድኃኒቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ ቃል ቢፈርስ ምን እንደሚሆን፣ ዋሱ ማን እንደሆነ። ባለቤቱ ድሀ ከሆነ እድሩ ለጥቂት ሳምንት ሌላ አህያ ቢያውሰው ችግሩ ከሥሩ ይፈታል። የእኔ አቋም በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ አህያዋን አስፈትቶ ሰውየውን ባዶ እጁን መተው ግማሽ ሥራ ነው፤ በሚቀጥለው ገበያ ቁስሏ ሳይድን ተመልሳ ትጫናለች። አንዳንድ እድርና የገበያ ኮሚቴ ደግሞ ገጣባ ያለበት እንስሳ ተጭኖ እንዳይገባ ደንብ ቢያወጣ ማንም ሹም ሊያደርግ ከሚችለው በላይ ይሠራል። ብሩክ እና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባሉት ድርጅቶች በሀገራችን ለሥራ እንስሳት ደኅንነት ለዓመታት ሠርተዋልና የአጫጫንና የቁስል እንክብካቤ ትምህርት ለማግኘት ወረዳውን ሲጠይቁ ስማቸውን ያንሱ።

እርምጃ ሲወሰድም ተመልሰው ይዩ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ባለቤቱን «አህያዋ እንዴት ሆነች?» ብለው ይጠይቁ፤ ባለሙያ የላከውን ጽሕፈት ቤትም ሄደው ያመስግኑ። ኃላፊው ለቅሬታ ብቻ የሚመጣን ሰው ይሸሻል፤ ያመሰገነውን ሰው ግን በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩን ያነሳለታል።

ይህን አንብበው ሲጨርሱ የሚከተለውን ያድርጉ። በዚህ ሳምንት ወደ ቀበሌዎ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይሂዱና የባለሙያውን፣ የወረዳው እንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤትንና የፖሊስ ጣቢያውን ስልክ ይመዝግቡ። የተጎዳ እንስሳ ባዩ ጊዜ ቁጥር ፍለጋ አይጀመርም።